ቀይዋ ማንም ሳይነካት ብትወድቅስ? ዳኛ በሌለበት የስኑከር ግጥሚያ የሚነሱ ጭቅጭቆች

ጥያቄው፦ «የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው። በሰፈራችን ክለብ ቡድን ውስጥ ስኑከር እጫወታለሁ። ባለፈው ግጥሚያ አንዲት ቀይ ኳስ የማዕዘኑ ቀዳዳ አፍ ላይ ቆማ ነበር። ተጋጣሚዬ እሷን ሊያገባ መታ። በስቴካ የምትመታዋ ነጯ ኳስ ገና መንገድ ላይ እያለች ቀይዋ ማንም ሳይነካት ገባች። ነጯ ስፖንዳ (የጠረጴዛውን ጠርዝ) ብቻ መትታ ተመለሰች። እኔ ‹ምንም ኳስ አልነካህም፣ 4 ነጥብ ፋውል› አልኩ። እሱ ‹ቀይዋ ገብታለች፣ አንድ ነጥቤን› አለ። ዳኛ አልነበረንም። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን አንድ ነጥቡን ወሰደ፣ ጨዋታው ቀጠለ፣ ፍሬሙንም (ያን ዙር) አሸነፈ። ማናችን ነን ትክክል? ሌላስ እንዲህ ያለ ግራ የሚያጋባ ነገር ሲገጥመን ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። አንድ ነጥብም የለም፣ ፋውልም የለም። ቀይዋ ወደ ቀዳዳው አፍ ትመለሳለች። ነጯም ወደ ተመታችበት ቦታ ትመለሳለች። ተጋጣሚህ እንደገና ይመታል። ከፈለገ ያንኑ ምት ይደግማል፣ ከፈለገ ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ ይመታል።

ሕጉ ይህን ጉዳይ ለብቻው አንስቶ ተናግሮበታል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኳሷ ባትወድቅ ኖሮ በዚያ ምት ትነካ ነበር ወይ? ትነካ ከነበረ ምቱ እንዳልተመታ ይቆጠራል። ተጋጣሚህ ቀይዋን አልሳታትም፣ ቀይዋ ናት ጥላው የሄደችው። ስለዚህ የሚቀጣበት ምክንያት የለም። አግብቷትም አይደለም፣ ስለዚህ የሚሸለምበትም ምክንያት የለም።

ይህን አንድ ጥያቄ ያዝ። ዳኛ በሌለበት ግጥሚያ ከሚገጥሙህ እንግዳ ነገሮች አብዛኞቹ የሚፈቱት በእሱ ነው፦ የሆነው ነገር የመጣው ከመቺው ምት ነው ወይስ ከሌላ? ከምቱ ከመጣ መቺው ይሸከመዋል። ከሌላ ከመጣ ጠረጴዛው ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ማንም አይቀጣም።

አሁን በዚያችው ቀይ ኳስ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ወንድምና እህት የሚሆኑ ተመሳሳይ ጉዳዮች አሏት።

ማንም ሳይመታ ብትወድቅስ? አንተ ስቴካህን ጠመኔ እየቀባህ፣ እሱ ጠረጴዛውን እየዞረ፣ ዱብ አለች። ትመለሳለች፣ በቃ። የተመዘገበው ነጥብ እንዳለ ይቆያል።

ምት እየተመታ ነው፣ ግን ምቱ እሷን የሚመለከት አይደለም። ተጋጣሚህ በዚያኛው ጫፍ ሰማያዊዋን ሲያገባ በዚህኛው ጫፍ ቀይዋ ወደቀች እንበል። የሰማያዊዋ ነጥብ ይቆጠርለታል። የወደቀችው ቀይ ብቻ ተመልሳ ትቀመጣለች።

ትነካ ነበር፣ ግን መቺው በዚያው ምት ሌላ ጥፋት ሠርቷል። ለምሳሌ ሲመታ እጅጌው ሮዟን ነክቷታል። ቀይዋ በመውደቋ ከዚያ ጥፋት አያመልጥም። ቅጣቱን ይከፍላል፣ ኳሶቹ ሁሉ ይመለሳሉ፣ አንተ ደግሞ ከፋውል በኋላ ያለህን ምርጫ ሁሉ ታገኛለህ።

የመጨረሻዋ ናት አስቸጋሪዋ። ኳስ ተመታ ወደ ቀዳዳው ሄደች፣ አፉ ላይ ደርሳ ተንገዳገደች፣ ቆመች ስትባል ገባች። ይህች ገብታለች፣ አትመለስም። ሕጉ ለአፍታ ሚዛን ጠብቃ ከቆየች በኋላ ብትወድቅ እንደገባች ትቆጠራለች ይላል። «አፍታ» ስንት ሰከንድ እንደሆነ ግን አልጻፈም፣ ለዳኛው ትቶታል። እኔ ዳኛ ሆኜ ሳጫውት የማየው ኳሷን ነው እንጂ ሰዓቱን አይደለም። ቁጭ ብለህ በቀዳዳው አቅጣጫ ተመልከታት። እዚያ ጋ ከጨርቁ ሥር ያለው ድንጋይ ወደ ቀዳዳው ይታጠፋል፣ ኳሷ እጥፋቱ ጫፍ ላይ ናት። ቀለሟ ላይ ያለች ቅንጣት ጠመኔ ወይም የመብራቱ ነጸብራቅ ዳር ከተንቀሳቀሰ ኳሷ ገና አልቆመችም። ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለና ሰዎች ለሚቀጥለው ምት ቦታ መያዝ ከጀመሩ ቆማለች። ከዚያ በኋላ ብትወድቅ ትመለሳለች።

ስትመልሳት ደግሞ በጣትህ ወደ ታች አትጫናት፣ አትቀጥቅጣት። ጨርቁን ታጎደጉደዋለህ። ያዛት፣ አስቀምጣት፣ ቀስ ብለህ ልቀቃት። አልቆም ካለች ሁለታችሁም ተስማምታችሁ በፀጉር ስፋት ወደ ጠረጴዛው መሃል ሳቧት።

«ፍሬሙን አሸነፈ» ብለሃል። ያ አልቋል። ቀጣዩ ምት ከተመታ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ፋውል መጠየቅም ሆነ ምት ማስደገም የለም። ሕጉ ዳኛ ከሌለ ተጋጣሚው ወይም የተጋጣሚው ቡድን እንደ ዳኛ ይቆጠራል ይላል። እሱ ሲመታ ዳኛው አንተ ነበርክ ማለት ነው። አንተ እሺ ብለህ ጨዋታው ከቀጠለ ፍርዱ ጸንቷል። ስለዚህ ካልተስማማችሁ ማንም ስቴካ አያንሳ። የቡድን አምበሎቹን ጥሩ፣ ሕጉን ስልክ ላይ አውጥታችሁ አንብቡ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ለጥቂት ደቂቃ ጨዋታ ማቆም ነውር የለውም።

ተጋጣሚን ዳኛ ማድረግ ለእኛ ለፑል ቤት ልጆች የሚያስቅ ሊመስል ይችላል። ግን ጨዋታው ራሱ የተወለደው በመኮንኖች ክበብ ውስጥ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1875 ሕንድ ውስጥ ጃባልፑር የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ናቸው የጀመሩት። ሐሳቡ የኔቪል ቻምበርሊን ነው ይባላል። በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው።  እስከ ዛሬም ትልልቆቹ ተጫዋቾች ዳኛው ያላየውን ፋውል ራሳቸው ሲናገሩ ታያለህ።

ከውጭ የሚመጣው ነገር ብዙ አያከራክርም። ተመልካች ጠረጴዛውን ገፋ፣ ሕፃን ኳስ አነሳ፣ የሌላ ሰው ስቴካ ወድቆ ኳስ በታተነ። ኳሶቹ ወደ ነበሩበት፣ ወይም በመንገድ ላይ ከነበሩ ወደሚደርሱበት ቦታ ይወሰዳሉ፣ ቅጣት የለም። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ማርክ ሴልቢና ያን ቢንግታኦ ሲጫወቱ ሼፊልድ በሚገኘው ክሩሲብል ቲያትር ጠረጴዛው ላይ እርግብ አርፋ ነበር። በ2023 ደግሞ አንድ ተቃዋሚ ሮበርት ሚልኪንስና ጆ ፔሪ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ብርቱካናማ ዱቄት በተነበት፣ በዚያ ጠረጴዛ የዚያን ምሽት ጨዋታ አልቀጠለም። እናንተ ክለብ ውስጥ እርግብ ባይመጣም በአጠገብ የሚያልፍ የቢራ ብርጭቆ አይጠፋም።

ከመቺው የሚመጣው ግን ሁሉም የመቺው ነው፣ ሳያውቀው ቢሆንም። ክራባት፣ እጅጌ፣ ፀጉር፣ ከኪስ የወደቀ ስልክ፣ ከእጁ ያመለጠ ጠመኔ፣ ለስቴካ መደገፊያ የያዘው ሬስት። ከስቴካው ጫፍ በቀር ምንም ነገር ኳስ ከነካ ፋውል ነው። ሬስቱን የአንተ ጓደኛ ቢያቀብለውም እጁ ከገባ በኋላ የእሱ ኃላፊነት ነው። ሲመታ ደግሞ ቢያንስ አንድ እግሩ መሬት መንካት አለበት፣ ይህን አጫጭሮቹ በደንብ ያውቁታል።

የቅጣቱ ልክ ላይ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ አለ። እያንዳንዷ ኳስ ዋጋ አላት፦ ቀይ 1፣ ከዚያ ቀለም የምንላቸው፣ ቢጫ 2፣ አረንጓዴ 3፣ ቡኒ 4፣ ሰማያዊ 5፣ ሮዝ 6፣ ጥቁር 7። ከ4 በታች ፋውል የለም፣ ከ7 በላይም የለም። በመካከሉ ተረኛ የነበረችውን (መቺው መጀመሪያ መንካት ያለበትን) ኳስና ጥፋት የተሠራባትን ኳስ ታያለህ፣ ትልቋን ትወስዳለህ። ቀይ ተረኛ ሆና ሰማያዊዋን በእጅጌህ ብትነካ 5 ነው። ጥቁሯን ብትነካ 7። በቀጥታ 7 የሚያስከፍሉም አሉ። ነጯን ትተህ ሌላ ኳስ በስቴካ ብትመታ፣ ቀይ አግብተህ ቀለም መምታት ሲገባህ መልሰህ ቀይ ብትመታ፣ ወይም ክፍተት ለመለካት ኳስ ወይም ሌላ ዕቃ ብትጠቀም። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከቀዳዳ ያወጣትን ኳስ ይዞ «ታልፋለች አታልፍም» ብሎ የሚለካ ተጫዋች አይቼ አውቃለሁ። 7 ነጥብ ነው፣ አፉ ቢከፈትም።

እንግዲህ ወደ ፍሪ ቦል። በክለብ ግጥሚያ የሰው ስሜት የሚበላሸው ከምንም በላይ እዚህ ላይ ነው።

ፍሪ ቦል የሚመጣው ከፋውል በኋላ ብቻ ነው። ተጋጣሚህ ፋውል ሠርቶ ነጯ አንተን ስኑከር ውስጥ ካስገባችህ (ተረኛዋ በሌላ ኳስ ከተሸፈነችብህ) ሌላ ኳስ መርጠህ ተረኛዋ ናት ብለህ ትመታለህ። ጥያቄው ስኑከር ማለት ምን ያህል መሸፈን ነው የሚለው ነው። ብዙ ሰው «ትንሽ ትታያለች እኮ፣ ፍሪ ቦል የለም» ይላል። ትክክል አይደለም። ተረኛዋን ኳስ በሁለቱም ዳር፣ በግራም በቀኝም፣ ቀጭን አድርገህ በቀጥታ መስመር መንካት መቻል አለብህ። አንዱ ዳር ብቻ ቢዘጋብህም ስኑከር ውስጥ ነህ። ቀዮች ተረኛ ከሆኑ ደግሞ ከሁሉም መካከል አንዲት እንኳን በሁለቱም ዳር የምትገኝ ካለች ፍሪ ቦል የለም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ቀይ ቀይን ቢሸፍን አይቆጠርም። የሚሸፍነው ተረኛ ያልሆነ ኳስ መሆን አለበት። በቀዮች ክምር መካከል ሆነህ «ይቺን ያቺ ዘጋችብኝ» ማለት አትችልም። ሁለተኛው የቀዳዳው ጥግ ነው። ነጯ ቀዳዳ አፍ ውስጥ ተጣብቃ የስፖንዳው ጠርዝ መንገድህን ከዘጋው አሳዛኝ ነው፣ ግን ስኑከር አይባልም። ስፖንዳ ስኑከር አያደርግም።

እንዴት ታያለህ? ከነጯ ጀርባ ሂድና ዓይንህን በኳሶቹ ቁመት ላይ አድርግ። ጠረጴዛውን አትንካ። አሁን ከነጯ ግራ ዳር ወደ ተረኛዋ ግራ ዳር ሳይሆን ነጯ በሙሉ ወርዷ የምትጓዝበትን መንገድ በዓይንህ ሳል። የኳሷ ወርድ 52 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ሰው የሚሳሳተው ነጯን እንደ ነጥብ፣ መንገዷን እንደ ክር አድርጎ ሲያይ ነው። ክር የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ኳስ አያልፍም። ሁለታችሁም አይታችሁ ካልተስማማችሁ ከሁለቱም ቡድን ውጭ የሆነ ሰው ጥሩ፣ እሱ የተናገረው ይሁን።

ፍሪ ቦል ተሰጠ እንበል። ዋጋዋ የተረኛዋ ነው። ቀይ ተረኛ ሳለች ጥቁሯን መርጠህ ብታገባ 7 ሳይሆን 1 ነጥብ ታገኛለህ። ጥቁሯ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ አንተም ቀይ እንዳገባህ ሆነህ የፈለግከውን ቀለም ትመታለህ። ብትስታትም ቅጣቱ 4 ነው እንጂ 7 አይደለም፣ ለዚያች ምት ቀይ ናትና። ነጯ ከመረጥካት ኳስ ጀርባ ተደብቃ ተጋጣሚህን ስኑከር ውስጥ ብታስገባ ፋውል ነው። ጠረጴዛው ላይ ሮዝና ጥቁር ብቻ ከቀሩ ግን ይፈቀዳል።

በዚህ ሕግ ምክንያት ነው በአንድ ተራ በተከታታይ የሚሰበሰበው 147 ነጥብ የመጨረሻው ጣሪያ ያልሆነው። 15ቱም ቀዮች ጠረጴዛው ላይ እያሉ ፍሪ ቦል ያገኘ ሰው አንድ ተጨማሪ ቀይና አንድ ተጨማሪ ቀለም አገኘ ማለት ነው፣ ስለዚህ እስከ 155 መድረስ ይቻላል። በ2004 ጄሚ በርኔት የዩኬ ሻምፒዮና ማጣሪያ ላይ 148 ሠርቷል። ቡኒዋን ፍሪ ቦል ብሎ አገባት፣ 1 ነጥብ። እንደ ቀለም ደግሞ ያችኑ ቡኒ አገባ፣ 4 ነጥብ። ከዚያ 15ቱን ቀዮች ከ12 ጥቁር፣ ከ2 ሮዝና ከ1 ሰማያዊ ጋር፣ በመጨረሻም ስድስቱን ቀለሞች። ደምረው፣ ይመጣልሃል።

ሚስ ላይ፣ ማለትም መቺው ተረኛዋን ለመንካት በቂ ሙከራ ሳያደርግ ሲስት፣ አጭር ልሁን። ፕሮፌሽናሎቹ ላይ ዳኛው «ፋውልና ሚስ» ሲል ተጋጣሚው ኳሶቹን አስመልሶ ያንኑ ምት ማስደገም ይችላል። ዳኛ በሌለበት ኳሶችን በትክክል ወደ ቦታቸው መመለስ ጣጣ ነው፣ ማን ምን ቦታ እንደነበረ ማስታወስም ከባድ ነው። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ሚስ እንጠቀማለን ወይስ አንጠቀምም ብላችሁ ተስማሙ፣ የሊጋችሁንም ደንብ እዩ። የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ። ከሁለታችሁ አንዱ ያለ ቅጣት ነጥብ ፍሬሙን ማሸነፍ የማይችልበት ደረጃ ላይ ከደረሰ፣ ሆን ተብሎ ካልተሳተ በቀር ሚስ አይባልም።

ቀለም መመለስ ላይ የሚገጥሙ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። ሰማያዊዋ ገብታ ቦታዋ በሌላ ኳስ ከተያዘ ክፍት ከሆኑት ቦታዎች ትልቁ ላይ ትቀመጣለች። የጥቁሯ ቦታ ክፍት ከሆነ እዚያ። ሁሉም ከተያዙ ወደ ራሷ ቦታ በተቻለ መጠን ተጠግታ፣ በቀጥታ መስመር ወደ ጥቁሯ በኩል ባለው ስፖንዳ አቅጣጫ ትቀመጣለች፣ ሌላ ኳስ ሳትነካ።

ኳስ ተሳስቶ ሌላ ቦታ ቢቀመጥና ማንም ሳያይ ምት ቢመታስ? ከዚያ በኋላ ትክክለኛ ቦታዋ እንደሆነ ተቆጥሮ ይቀጥላል፣ ማንሳት የለም። ረስታችሁት ጭራሽ ያልተመለሰ ኳስ ካለ ግን እንዳስታወሳችሁ ይመለሳል፣ ቅጣት የለውም። ልዩነቱ መቺው ቸኩሎ ኳሷ እስክትቀመጥ ሳይጠብቅ ከመታ ነው። ያ ፋውል ነው።

ከጠረጴዛ ዘልላ የወጣች ኳስ ሁሉ ፋውል ናት። ቀይ ከሆነች አትመለስም፣ ቀለም ከሆነች ትመለሳለች። «ቀይዋ ወለል ላይ ናት እኮ፣ እንመልሳት» የሚል አይጠፋም፣ አትስማው።

ሁለታችሁም መጀመሪያ ለመክፈት ፈርታችሁ በአንድ ክምር ቀይ ዙሪያ ስትሽከረከሩ ብታመሹ ፍሬሙን እንደገና መጀመር ይቻላል። ዳኛ ቢኖር ሐሳቡን ያቀርባል፣ አንዱ ካልተስማማ ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ምት ይሰጣቸዋል፣ ካልተለወጠ እንደገና ይደረደራል። መክፈቻውን የሚመታው ያው የመጀመሪያው ተጫዋች ነው። እኔ ብሆን ለአማተሮች ቶሎ በሉ እላለሁ። በ2017 ፈርጋል ኦብራየንና ዴቪድ ጊልበርት በዓለም ሻምፒዮና ማጣሪያ አንድ ፍሬም ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይተዋል። እነሱ ሥራቸው ነው፣ እናንተ ግን ነገ ጠዋት ሥራ ትገባላችሁ።

ጥቁሯ ገብታ ነጥብ እኩል ከሆነስ? ጥቁሯ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሳንቲም ትጥላላችሁ። ያሸነፈው ራሱ ይመታል ወይም ተጋጣሚውን ያስመታል። ነጯ ከዲው (በመክፈቻው በኩል ካለው ግማሽ ክብ) ውስጥ ትነሣለች። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የመጣው ነጥብ ወይም ፋውል ፍሬሙን ይዘጋዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ነጯን ወደ ቀዳዳ ከትቶ «እንቀጥል» የሚለው። የለም፣ አልቋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አልጠየቅከኝም ግን በዚህ ወር ብቻ ከአንድ በላይ ቡድን ተጣልቶበታል። እጅ መስጠት የሚቻለው በራስ ተራ ብቻ ነው። ተጋጣሚህ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አንተ ብሬክ ላይ (ኳስ በተከታታይ እያገባህ) እያለህ «በቃ ወስደኸዋል» ቢል ፍሬሙ አላለቀም። ኳሶቹን ጠራርገህ አትደርድር፣ ጀምረህ የነበረውን ብሬክ ጨርስ። ተራው ደርሶ ተነሥቶ እጁን ከዘረጋልህ ያኔ ጨብጠው።